የመኪና ጌም ላይ ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል እንዴ?

የመኪና ውድድር ጌም ስትጫወቱ ይሄ ደርሶባችሁ ያውቃል? ሁለት ዙር ሙሉ ሳትሳሳቱ ነድታችሁ፣ ተከታያችሁን በሰፊ ርቀት ጥላችሁት፣ የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ስትደርሱ ያው መኪና ከኋላችሁ ዱብ ይላል። «ይሄ ኮምፒውተር ሌባ ነው!» ትላላችሁ። ጥርጣሬያችሁ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም።

አንዳንድ ጌሞች የሚሠሩት በእናንተና በተፎካካሪዎቻችሁ መካከል የማይታይ ላስቲክ የታሰረ ይመስል ነው። እናንተ ስትርቁ የኋለኛው መኪና ፍጥነት ይጨመርለታል፤ ወደ ኋላ ስትቀሩ ደግሞ የፊተኞቹ ቀስ ይሉላችኋል። እንደ ማሪዮ ካርት ያሉ ጌሞች በዚህ ይታወቃሉ። ዓላማው ክፋት ሳይሆን ውድድሩ እስከ መጨረሻው ልብ እንዲሰቅል ነው። ችግሩ ግን በጥሩ መንዳት ያተረፋችሁት ጊዜ ተመልሶ ይወሰድባችኋል።

ሁለተኛው ልዩነት ፊዚክስ ላይ ነው። ሲሙሌሽን የሚባሉት ጌሞች ጎማችሁ ከመንገዱ ጋር ያለውን ፍትጊያና ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት መሄዱን በሴኮንድ ውስጥ ደጋግመው ያሰላሉ። ይህን ሁሉ ለብዙ መኪና ማስላት ፕሮሰሰሩን ያጨናንቀዋል። ስለዚህ አንዳንድ ጌሞች ለኮምፒውተሩ መኪኖች ቀለል ያለ ስሌት ይጠቀማሉ። እናንተ የምትንሸራተቱበትን ኩርባ እነሱ እንደ ባቡር ሐዲድ ይዘው ቢያልፉ አይግረማችሁ።

እሺ፣ መኪናውም ፊዚክሱም እኩል ቢሆንስ? ያኔ ውድድሩ ፍትሐዊ ሆነ ማለት ነው?

ሶኒ ኤአይ ግራን ቱሪስሞ ለተባለው ጌም «ሶፊ» የተባለች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠርቶ ነበር። ሥራው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ሶፊ መንዳት የተማረችው በሙከራ ነው፤ ጥሩ ስትነዳ ነጥብ ይሰጣታል፣ ስታጠፋ ይቀነስባታል።

ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ የማየትና የመወሰን ፍጥነት። ጎበዝ ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁ እስኪታዘዝ ከ0.2 እስከ 0.25 ሴኮንድ ይወስድበታል። እስቲ እናስላው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 55.6 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በ0.25 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ሄዷል ማለት ነው! ኮምፒውተር ግን ይህን ያህል መጠበቅ የለበትም። ተመራማሪዎቹ ሶፊ በሴኮንድ 10 ጊዜ ብቻ ትእዛዝ እንድትሰጥ አድርገዋል። ለብቻው በተደረገ ሙከራ ደግሞ የምታየው ነገር እስከ 0.25 ሴኮንድ ዘግይቶ እንዲደርሳት አድርገው እንደገና አሠለጠኗት። እንደዚያም ሆኖ ከምርጥ ተጫዋቾች የፈጠነ ዙር ነዳች። ብልጫዋ የዓይን ፍጥነት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከፍጥነት የከበደው ጨዋነት ነው። «መኪና አትግጭ» ብላችሁ ግጭትን ሁሉ ብትቀጡ ማሽኑ ፈሪ ይሆንና ለመቅደም አይሞክርም። ቅጣቱን ብታላሉት ደግሞ እየገፋ ያልፋል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በቁጥር መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ በውድድር ላይ እንኳ ይህን የሚወስኑት ሰዎች ዳኞች ናቸው። ሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ላይ አራት ሰዎች ከአራት የሶፊ መኪኖች ጋር በቡድን ሲወዳደሩ ሰዎቹ 86 ለ70 አሸነፉ። ተመራማሪዎቹ ሥልጠናውን አሻሽለው በጥቅምት ሲመለሱ ግን ሶፊ 104 ለ52 ረታች።

አሁን የእናንተን ጌም ራሳችሁ መርምሩ። መጀመሪያ በሙሉ አቅማችሁ ንዱና ቀዳሚው የኮምፒውተር መኪና እያንዳንዱን ዙር በስንት ሰዓት እንደጨረሰ ጻፉ። ቀጥሎ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው የክብደት ደረጃ ሆን ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ንዱ። መንገድ አትዝጉበት፣ አለዚያ የዘገየው በእናንተ ምክንያት ይሆናል። አንዴ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሙት። እናንተ ስትዘገዩ የእሱም ሰዓት አብሮ ከዘገየ፣ ላስቲኩን አገኛችሁት! ምርጫዎቹ ውስጥ ማጥፊያ ካለው አጥፉት።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ ዞር በሉ። ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ትታችሁ የፊተኛውን መኪና እንደ ግድግዳ ተደግፋችሁ ታልፋላችሁ? ጎን ለጎን ስትሆኑ የአንድ መኪና ስፋት ትተዉለታላችሁ? ኮምፒውተሩ ቢገፋም አቤቱታ አያቀርብም። ግን እየገፋችሁ ያገኛችሁት አንደኝነት ስለ መንዳት ችሎታችሁ ምንም አይነግራችሁም። ሳትነኩት በ0.1 ሴኮንድ ብትቀድሙት ግን ያ ጊዜ የእናንተው ነው።