ለልጅዎ ዩሲ ከመግዛትዎ በፊት

ክረምቱ ገብቶ የጎንደር ዝናብ ልጆቹን ቤት ሲያውል “እማዬ፣ ዩሲ ግዢልኝ!” መባሉ አይቀርም። ዩሲ የፐብጂ ሞባይል መገበያያ ነው፤ የፍሪ ፋየሩ ዳይመንድ ይባላል።

አሜሪካ ያለች አክስት የጎግል ፕሌይ የስጦታ ካርድ ልትልክ ብታስብ፣ ሳትገዛ ይንገሯት፦ የአሜሪካ ካርድ የሚሠራው አገሩ አሜሪካ ተብሎ በተመዘገበ አካውንት ነው።

በቴሌግራም ካገኙት ሻጭ በቴሌብር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ይህን ይያዙ፦ ዩሲ ለመሙላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ይበቃል። የይለፍ ቃል ወይም በስልክዎ የገባ የማረጋገጫ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው አይስጡ፤ ልጅዎ ለዓመታት የደከመበትን አካውንት ሊወስድ ይችላል።

ዋጋው ከልክ በላይ ከረከሰም ይጠርጥሩ። በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ዩሲ ሲደረስበት አካውንቱን ሊያዘጋ ይችላል።

መጀመሪያ በትንሹ ይሞክሩ፤ ሲገዙም ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡ።