በረዶ ጠራጊው ለሰበረው መንገድ ዕዳው የማን ነው?

በእኛ አገር ክረምት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ዝናብና ጭቃ፣ ጎርፍና ጉም ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት ማለት በረዶ ማለት ነው። በረዶውም እኛ እንደምናውቀው ቆርቆሮ ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጥ ጠጠር ሳይሆን፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጧት ደጁን የሚዘጋ ነው። ይህን በረዶ የሚገፉ፣ ከፊታቸው ሰፊ የብረት ስለት የተገጠመላቸው ከባድ ካሚዮኖች ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰማርተው መንገዱን ይከፍታሉ፤ ሰውም ያመሰግናቸዋል። በመጋቢት በረዶው ሲቀልጥ ግን አስፋልቱ ተቦርቡሮ፣ የጠርዙ ድንጋይ ተፈነቃቅሎ፣ የቀለሙ መሥመር ተፍቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ምስጋናው ይቀርና ክሱ ይከተላል።

ነገሩ ለወገኖቻችንም ባዕድ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዱ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ የአስፋልት ጉድጓድ ማለት የተቀደደ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬና ያለ ገቢ የዋለ ቀን ማለት ነው። የካሣው ደንብ ከግዛት ወደ ግዛት ይለያያል። እኛ ለዛሬ የመረጥነው የኒው ዮርክን ነው፤ ክርክሩ እዚያ ለብዙ ዘመን ስለ ተካሄደ ፍርዱም በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ጥፋቱ በእውነት የማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ሰው የሚያየው ስለቱን ነው፤ ድምፁም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳልና ወንጀሉን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ይቀላል። ዋናው አጥፊ ግን ውሃ ነው። ውሃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ገብቶ በብርድ ሲጠጥር በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ስንጥቁን ይፈለቅቀዋል። ቀን ቀልጦ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ማታ እንደ ገና ይጠጥራል። ከሥር ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲላላ የላዩ አስፋልት ድጋፍ ያጣና ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። በረዶውን ለማቅለጥ የሚበተነው ጨውም ያቀለጠውን ውሃ ወደዚያው ስንጥቅ ይሰደዋል፤ በድልድይ ላይ ደግሞ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

እንዲህ ስንል ስለቱ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ቀድሞ የላላውን ልጥፍ ፈንቅሎ የሚያነሣው፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ የቀረውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን የሚመታው፣ በጠጠር መንገድም ላይ ዝቅ ብሎ ከተያዘ ጠጠሩን ከበረዶው ጋር ጠርጎ ቦይ ውስጥ የሚከተው እርሱ ነው። ውሃው የጀመረውን ስለቱ ይፈጽመዋል፤ ስለቱ የጀመረውንም ውሃው ያሰፋዋል። በዳኛ ፊት የሚያስቸግረውም ይኸው የሁለት እጅ ሥራ ነው።

ከተማው አልጠርግም ማለት አይችልም። የቺካጎው ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በ1979 ክረምት በረዶውን በሚገባ አላስጠረጉም ተብለው፣ በየካቲት ወር በተደረገው የፓርቲያቸው ምርጫ በጄን በርን ተሸንፈዋል። ሹማምንቱ ከአስፋልቱ ደኅንነት ይልቅ ፈጥኖ መጥረጉን ቢያስቀድሙ አያስደንቅም።

በዚያው በ1979 የኒው ዮርክ ከተማ ለራሷ መከላከያ የሚሆናትን ሕግ አወጣች፤ ሕዝቡ «የጉድጓድ ሕግ» ይለዋል። በዚህ ሕግ መሠረት ከተማይቱ ካሣ የምትጠየቀው ጉድለቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ተነግሯት በ15 ቀን ውስጥ ሳትጠግነው የቀረች እንደ ሆነ ነው። ለግምጃ ቤቱ የሚበጅ ደንብ መሆኑን እናምናለን፤ ማንም ላላየው ጉድጓድ ሁሉ መክፈል ከተማን ያደኸያል። ዳሩ ግን ከሌላ ሠፈር መጥቶ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው፣ ከእርሱ በፊት ሌላው ደብዳቤ መጻፍ አለመጻፉን ከወዴት ያውቃል?

መላውን የፈጠሩት ጠበቆቹ ናቸው። የግዛቱ የችሎት ጠበቆች ማኅበር በ1982 አንድ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ሰው እየላከ በየጎዳናው የተሰነጠቀውን፣ የጎደጎደውንና ጎልቶ የወጣውን ሁሉ በካርታ ላይ በልዩ ልዩ ምልክት ካስመዘገበ በኋላ፣ ካርታውን ለከተማው መሥሪያ ቤት ያስረክብ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ከተማይቱ «አልተነገረኝም» ስትል ጠበቃው ካርታውን ይዘረጋ ነበር። ጠበቆቹ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ ነው ብለን አናምንም፤ ቢሆንም የከተማውን ስብራት እንዲህ አድርጎ በእግሩ የቆጠረ አልነበረም። ክርክሩ ወርዶ ወርዶ የምልክቶቹ ትርጉም ላይ ደርሶ፣ በ2008 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍቺው የማይለይ ጭረት እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም ብሏል።

ከደብዳቤው ነጻ የሚያወጣ አንድ በር አለ፤ ይኸውም ጉድለቱን ከተማው ራሱ በገዛ እጁ በቸልተኝነት የፈጠረው እንደ ሆነ ነው። ስለቱ የሚከሰሰው በዚህ በር ነው። በ2007 ግን ይኸው ፍርድ ቤት በሩን አጠበበው። አንድ ሰው በአስፋልቱ መካከል ዝቅ ብሎ በቀረ የጉድጓድ ክዳን ተሰናክሎ ወድቆ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም የከተማው ሥራ ጉድለቱን ወዲያውኑ የፈጠረ መሆን አለበት፣ በጊዜ ብዛት የመጣው አይቆጠርም አለ። ይህን ወደ በረዶ ጠራጊው ስናመጣው፣ ስለቱ በዕለቱ ፈንቅሎ የጣለው ልጥፍ ለክስ ይበቃ ይሆናል፤ ስለቱ ጫር አድርጎት ውርጩ እስከ መጋቢት ያሰፋው ግን ከሳሹን ባዶ እጁን ይመልሰዋል ማለት ነው።

በ2010 ደግሞ ሌላ ጉዳይ ቀረበ። ማውንት ኪስኮ በተባለች ትንሽ ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ተጠርጎ በዳር የተከመረ በረዶ ቀልጦ እንደ ገና ጠጠረና አንዲት ሴት አንሸራቶ ጣለ። ከተማይቱ በጽሑፍ አልተነገረኝም ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ ግን አስፋልት የሚበላሸው በዓመታት ነው፤ የተከመረ በረዶ እንደሚቀልጥና እንደሚጠጥር ግን የከመረው ሁሉ ያውቃል በማለት ክሱ እንዲሰማ ፈቀደ። እኛ እንደሚመስለን ይህ አስተያየት ለአስፋልቱም ቢደርስ በተገባ ነበር። ልጥፉ ሲነሣ የሚሰማው ነጂው ነው፤ ውሃ እንደሚገባበትም የሚያውቀው ያው መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤውን ከመንገደኛው ከመጠበቅ ይልቅ ነጂው በዕለቱ እንዲመዘግብ ማዘዝ ምን ያህል ይከብዳል?

የሚጠርገው በውል የተቀጠረ ተቋራጭ ሲሆን ነገሩ ይባስ ይጠባል። በ2002 በተሰጠ ፍርድ፣ ተቋራጩ ውል የገባው ለባለ ቦታው ስለ ሆነ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ባለ ዕዳ አይደለም ተብሏል፤ ይህ ደንብ ከሚፈርስባቸው ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ተቋራጩ ራሱ አደጋውን ያመጣ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በግል መንገድ ዳር የሚኖሩ አስተዋዮች በረዶ ሳይጥል በኅዳር የጠርዙን መሥመር ረጃጅም እንጨት ተክለው ያመለክታሉ፤ መንገዱንም ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ለተሰበረው ማን እንደሚከፍልም በውሉ ያስጽፋሉ።

ጉዳት የደረሰበት ሰው በኒው ዮርክ ከተማን ለመክሰስ በ90 ቀን ውስጥ፣ በዋሽንግተን ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ጉድጓዱ ግን ይህን ሁሉ ቀን አይጠብቀውም፤ ብርዱ ሲያልፍ ጠጋኞቹ ትኩስ አስፋልት አፍስሰው ሲደፍኑት ማስረጃውም አብሮ ይደፈናል።