ጨጓራ ከጠበበ በኋላ፤ ስለ መብልና ስለ መጠጥ ሥርዓት

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ሲባል በጨጓራ ላይ የሚፈጸመው ቀዶ ሕክምና የሆድ ዕቃን ቢለውጥም፣ ከልጅነት ጀምሮ በእጅና በአፍ ላይ ሲሠለጥን የኖረውን የአበላልና የአጠጣጥ ልማድ ሳይነካው እንደሚቀር፣ ሕክምናውን ከሚሹት ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው አያስተውሉትም። ሐኪሙ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የጨጓራውን መጠን ያሳንሳል፤ በዚያ በጠበበው ዕቃ ውስጥ ግን ምን፣ በምን መጠንና በምን ቅደም ተከተል ሊገባ እንደሚገባ መማር የሕመምተኛው የራሱ ፈንታ ነው። ትእዛዛቱ ብዙ ስለሆኑም፣ ምክንያታቸውን ሳይረዳ በቃል ብቻ የያዛቸው ሰው ጥቂት ወራት ጠብቆ፣ ሰልችቶ ይተዋቸዋል፤ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ሥር በገዛ አካሉ አሠራር ውስጥ ያየ ሰው ግን ለመጠበቅ ይቀለዋል።

የሕክምናው መነሻ ከውፍረት ጋር ዝምድና አልነበረውም። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቀዳጅ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፣ ለጨጓራ ቁስል ሲባል ከፊሉ ጨጓራቸው ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች ክብደታቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር፣ የጨጓራን ላይኛ ክፍል ከታችኛው ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ዛሬ ባይፓስ የሚባለው ከዚህ የተገኘ ሲሆን፣ ለሰውየው የሚቀርለት ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለት ግማሽ የቡና ሲኒ የሚሞላ ነው። በአሁኑ ዘመን ይበልጥ የተስፋፋው ስሊቭ የሚሉት ሌላው ዐይነት ደግሞ ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነውን እጅ ቆርጦ በማውጣት የቀረውን ቀጭን ቱቦ አድርጎ ይተወዋል። ከሚወጣውም ክፍል ጋር፣ ጃፓናውያኑ ሊቃውንት ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስታወቁት፣ የረኃብን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ስፍራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረኃብ ጨርሶ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ይረግባል፤ ምግብ መብላትን የሚረሱም አሉ። ይህ የዕረፍት ዘመን የሚያልፍ ስለሆነ አዲሱ ልማድ መተከል የሚገባው በዚያው ጊዜ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስፌቱ እስኪጠና ድረስ ምግቡ ከጠራ ፈሳሽ ወደ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከዚያም ወደ ተፈጨና ወደ ለስላሳ እየተሸጋገረ፣ ጠጣሩ ምግብ በሁለተኛው ወር ገደማ ይመለሳል። የደረጃዎቹን ዝርዝር እያንዳንዱ ሆስፒታል ለሕመምተኛው ጽፎ ስለሚሰጥ እዚህ ላይ አንዘገይበትም።

ማንም ሳይጠረጥረው የሚከብደው ውኃ ነው። ጤነኛ ሰው ከጥም በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል፤ ጨጓራው የጠበበ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል በየ15 ደቂቃው እንዲጎነጭ ይታዘዛል። በቀን የሚያስፈልገውን ቢያንስ 1 ሊትር ተኩል በዚህ መጠን ለመሙላት 50 ጊዜ መጎንጨት፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳያቋርጡ መጠበቅ ያሻል። ቀኑን በሥራ ወይም በእንቅልፍ ያሳለፈ ሰው የጎደለውን ማታ በአንድ ጊዜ ሊተካው አይችልም። ሰዎች ከሆስፒታል ወጥተው እንደገና ከሚመለሱባቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ውኃ ማጣት የሆነው ስለዚህ ነው። የሽንቱ ቀለም መጥቆር፣ የአፍ መድረቅና ሲነሡ ራስን ማዞር ምልክቶቹ ናቸው። ወራት ሲያልፉ ጉንጩ እየሰፋ ቢሄድም፣ ውኃን ከምግብ የመለየቱ ሕግ ግን ጸንቶ ይኖራል፤ በማዕድ ላይ መጠጥ አይቀርብም፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡታል፤ ምክንያቱም በዚያች ጠባብ ስፍራ ውኃ ከገባ ለምግብ ቦታ አይተርፍም፤ በምግብ ላይ የተጠጣም እንደ ሆነ ምግቡን አጥቦ ወደ ታች ስለሚያወርደው ጥጋብ ሳይሰማ ይቀራል። አምቦ ውኃን የመሰለ ጋዝ ያለው መጠጥ ደግሞ በጠበበው ጨጓራ ውስጥ እየተነፋ ያስጨንቃል።

ስኳርም የራሱ ፍርድ አለው። በተፈጥሮ ሥርዓት የጨጓራ በር ምግብን በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ያሳልፋል፤ በባይፓስ ጊዜ ይህ በር ከመንገዱ ስለሚወጣ፣ አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ወይም ማር ያለበት መጠጥ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ይፈስሳል። የተከማቸው ስኳር ከደም ውስጥ ውኃን ወደ አንጀት ይስባል፤ ሰውየውም በ10ና በ30 ደቂቃ መካከል ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥም ይይዘዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣ ሌላም አለ፤ ይኸውም ፈጥኖ የተመጠጠው ስኳር ብዙ ኢንሱሊን ስለሚያስነሣ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ የሚያንቀጠቅጥና የሚያዝለፈልፍ ነው። በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ጣፋጭ እየቀመሱ መታከም ደጋግሞ ወደዚያው ያዞራልና፣ የዕለቱን ምግብ ሥርዓት ከሐኪም ጋር ሆኖ ማረም ይሻላል።

በማዕድ ላይ ቅድሚያው የፕሮቲን ነው። የሚታዘዘው መጠን በቀን ከ60 ግራም የሚያንስ አይደለም፤ አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ገደማ እንደሚሰጥ ሲታሰብ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ይታያል። ስለዚህ ዕንቁላሉ፣ ዓሣው፣ ዐይቡ፣ ዶሮው ወይም ሽሮው አስቀድሞ፣ እንጀራው በኋላ፣ ቦታ ከተረፈ ብቻ ይበላል። ፕሮቲኑ ሲጎድል አካል የገዛ ጡንቻውን ይፈታል። ጉርሻውም ትንሽ፣ አኝኮ መዋጡም የዘገየ መሆን አለበት፤ አንገተ ጠባብ ብርሌ በችኮላ ሲቀዱበት እንደሚገነፍል፣ ያልታኘከ ምግብ ከደረት በታች ቆሞ አስጨንቆ በትውከት ይመለሳል። በዚህ ላይ የእኛ አገር ፍቅር አንድ ችግር ይጨምራል፤ አክብሮትን በጉርሻ ትልቅነት የሚለካ ቤተ ዘመድ፣ እንግዳው ግማሽ የቡና ሲኒ የሚይዝ ጨጓራ እንዳለው አያውቅም፤ ቢያውቅም አይራራለትም። እምቢ ማለት ነውር የሚመስለው ሰው አስቀድሞ ለቤተ ሰቡ ቢነግር ከብዙ ጭንቀት ይድናል።

ስለ ጾምም መናገር ግድ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ይታቀባሉ፤ የሚቀረው የጥራጥሬ ፕሮቲን ደግሞ ሰፊ ቦታ ይሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስና ሳይጠጣ የሚቆይ አዲስ ታካሚ፣ ከዚያ እስከ ማታው አራት ሰዓት በየ15 ደቂቃው ቢጎነጭ እንኳ 840 ሚሊ ሊትር ብቻ ያገኛል፤ ከሚያስፈልገው እኩሌታውን በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። በረመዳንም ስሌቱ ይህንኑ ይመስላል፤ እስልምናም ሕሙማንን ከጾሙ እንደሚያሳርፍ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙ የሃይማኖት መሪውን ሲያማክር የሐኪሙን ቃል ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ የጾም ትርጓሜ ሥጋን ማድከም ቢሆንም ኩላሊትን መጉዳት እንዳልሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም።

ቫይታሚኖችን መውሰድ የዕድሜ ልክ ግዴታ ነው። ጨጓራው ሲለወጥ ቫይታሚን ቢ 12ን አንጀት እንዲመጠው የሚረዳው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል፤ ብረትና ካልሲየምም በሚገባ አይመጠጡም። ብረትን ከካልሲየም ጋር ወይም ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድ ጥቅሙን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ በየሰዓታቸው ተለይተው ይወሰዳሉ። ከሁሉ ይልቅ ለሳምንታት ትውከት ያልተወው ሰው ሊፈራ የሚገባው የቫይታሚን ቢ 1 እጥረት ነው፤ ዓይን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ እግር መንገዳገድ፣ አእምሮ መቃወስ ሲጀምር ለነገ የማይባል አደጋ ስለሆነ፣ ወደ ሆስፒታል ሲገቡ የግሉኮስ ጠብታ ከመጀመሩ በፊት የተደረገውን ቀዶ ሕክምና መናገር ይገባል፤ ቢ 1 ሳይቀድም የሚሰጥ ግሉኮስ ጉዳቱን ሊያከፋው ይችላልና።

ከባይፓስ በኋላ አልኮል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከፍ ብሎም ይወጣል። አንድ ብርሌ ጠጅ የማያሰክረው ሰው በዚያው ይሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር ያለባቸው ሰዎች ከሕክምናው በፊት ከመቶ 7.6 የነበሩት በሁለተኛው ዓመት 9.6 ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ስላልተጨመረ ነገሩ ያዘናጋል።

የክብደት መመለስም የሚጀምረው ከዚያው ከሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረው ታላቅ ጥናት፣ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው ከመቶ 32 ያህል ቀንሰው፣ በዐሥረኛው ዓመት 25 ላይ እንደ ቆዩ መዝግቧል። አብዛኛው ድል ጸንቷል ማለት ነው። የተመለሰውን የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ የምሳ ሰዓት አይደለም፤ ግማሽ እንጀራ መጨረስ የማይችል ጨጓራ፣ ከሻይ ጋር የሚቀማመስን የዳቦ ቆሎና ብስኩት፣ የሚቀልጥን ቸኮሌትና አይስክሬም ቀኑን ሙሉ ያለ ተቃውሞ ያሳልፋል።