የትኛው እሳት ነው የሚያዋጣው?

እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም፦ እዚያ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ የከበደው ቤተሰብ የአንዱን ድርጅት ውል ትቶ ወደ ሌላው ይዞራል። እዚህ እኛ አካባቢ፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በገሳይ፣ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨቱና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በየቤቱ ማከፋፈሉና መሸጡ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ሻጩ አንድ ነው። እዚህ የሚወዳደረው እሳት ከእሳት ጋር ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ ቡታጋዝ፣ ከሰልና እንጨት።

የሚያስቸግረው መስፈሪያቸው መለያየቱ ነው። ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት፣ ጋዝ በሲሊንደር፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ እንጨት በሸክም ይሸጣል። ሁሉንም ወደ አንድ ለማምጣት ድስቱ ውስጥ የገባውን ሙቀት ብቻ መቁጠር ይበቃል። 1 ኪሎ ከሰል 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አምቆ ይይዛል፤ በተለመደው የከሰል ምድጃ ግን ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚወስደው ውስጥ 70 በመቶ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣል። ስለዚህ 1 ኪሎ ከሰል የሚሠራውን ሥራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሠራዋል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚሠራው ሥራ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንኳ አይሞላም። 1 ኪሎ ጋዝ ደግሞ 10 ኪሎዋት ሰዓትን ይተካል፤ ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር 125 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን ማንም ይሠራዋል። ከመብራት ደረሰኝዎ ላይ የከፈሉትን ብር ለተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉ፤ የገዙትን ከሰል በሚዛን ያስመዝኑ። የ1 ኪሎ ከሰል ዋጋ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከበለጠ ኤሌክትሪኩ ይረክሳል። በ2014 ዓ.ም. ታሪፍ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት የሚከፍልበት ከፍተኛው እርከን በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ 3ቱ ቢደመሩ 7 ብር ተኩል አይሞሉም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተወሰነ የራስዎን የቅርብ ደረሰኝ ይያዙ። ከሰል ርካሽ የሚመስለው በትንሽ በትንሹ ስለሚሸጥ ይመስለኛል። የወሩን ወጪ ደምሮ የሚያይ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ በማዳበሪያው ሥር ያለው ብናኝና እርጥበትም አብሮ ተገዝቷል።

ሲሊንደር ሲገዙም ከሚዛን አይለዩ። የባዶው ክብደት በራሱ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሞልቶ ሲመዘን ከሚመጣው ላይ ያንን ቢቀንሱ የከፈሉበትን ጋዝ ያገኛሉ። ጋዝ በዋጋ ኤሌክትሪክን ባይረታም፣ መብራት ሲሄድ ወጥ ሳይቋረጥ ስለሚበስልበት ለሚችል ሰው ጥሩ መጠባበቂያ ነው። ግን መጀመሪያ የሚሞላው የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ባዶውን ይዞ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ የመኪናው ዋጋም የጋዙ ዋጋ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጉና ተራራ በተጠጋን ቁጥር ደግሞ ከፍታው እየጨመረ ይሄዳል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላው፣ ክኩና ድንቹ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እሳትም እዚህ ላይ ነው፦ ውኃው አንዴ ከፈላ እሳቱ ቢጨመርም ከ91 ዲግሪ አይወጣም፤ ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው። ሲፈላ እሳቱን መቀነስና ድስቱን መክደን ምንም ወጪ የሌለው ቁጠባ ነው። ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ያለው ውኃ ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ከ110 ዲግሪ ስለሚሻገር፣ ለእኛ ደጋ ሰዎች ከቆላው ይልቅ የሚጠቅም ዕቃ ነው።

ትልቁ በላተኛ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ በወር 45 ገደማ። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የሚገባበት የመጀመሪያው እርከን በነበረበት 27 ሳንቲም እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። እንጀራ ብቻውን ያንን እርከን ሊሞላው ምንም አይቀረው። የመጋገሪያ ጊዜን ማሰባሰብ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ ምጣዱ መጀመሪያ ሲግል የሚበላው ለ10 እንጀራም ለ30ም እኩል ነው። ኤሌክትሪክ ያልገባበት ቤት ደግሞ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ የእንጨቱን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ዓይን የሚያጠፋውንም ጭስ እንዲሁ።

ሰው ሁሉ በሚጋግርበትና በሚያበስልበት ሰዓት መብራቱ ሲደክም ምጣዱ ከሚታሰበው በላይ ይደክማል። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድ፣ የምጣዱ ጉልበት አንድ ሦስተኛውን ያጣል። እናት እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ ስትጠብቅ፣ በዚያ ሁሉ ደቂቃ ምጣዱ ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል። በቀትር ወይም ማታ አምሽቶ መጋገር የሚመቸው ሰው ልዩነቱን ያየዋል።

ከሰሉ ለቡና ይቅር፤ በዚህ ብርድ ቤቱንም ያሞቃል። በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት ግን ይገድላል። የሚገድለው አየር ሽታም ጭስም የለውም፤ ከነልጆቻቸው በዚህ ያለቁ ቤተሰቦች አሉ። ምድጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ።

የመጨረሻው ጉዳይ በአንድ ቆጣሪ ሥር የሚኖሩ ተከራዮች ነው። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ በቆጣሪው ላይ 150 ሆኖ ይነበባል፤ ሦስተኛው እርከን ማለት ነው። በ2014 ታሪፍ ያ እርከን 1 ብር ከ62 ሳንቲም ነበር፣ የመጀመሪያው ከ27 ሳንቲም ባላለፈበት ጊዜ። ድሆቹ በአንድ ግቢ ስለተሰበሰቡ እንደ ባለጠጋ ይቆጠራሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ባይከፈል ይሻላል፤ ምጣድ ያለውና የሌለው አንድ አይደለም። ቆጣሪው ላይ የምትበልጨልጭ ቀይ መብራት አለች፤ በአጠገቧ 1000 የሚል ከተጻፈ 1000 ጊዜ ስትበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል ማለት ነው። የግቢው ሰው ሁሉ ያለውን አጥፍቶ አንድ ላይ ቆሞ ይያት። አሁንም ከበራች ያልታወቀ ተጠቃሚ ወይም የሚያፈስ ሽቦ አለ፤ ከክፍፍሉ በፊት እሱ ይፈለግ።