የአንበሳ ጎፈር ከመንዝ በግ ሱፍ

ባለፈው የካቲት 23 ቀን የአድዋ ድል በዓልን ምክንያት በማድረግ የድራማ ክበባችን ያቀረበውን ትርዒት ያልተመለከተ ሰልጣኝ ይኖራል ብለን አንገምትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጓደኞቻችን እየመጡ «ያንን ጎፈር ከየት አመጣችሁት? ተዋሳችሁት ወይስ ገዛችሁት?» እያሉ ጠይቀውናል። አልተዋስነውም፤ አልገዛነውምም፤ ሠራነው። በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ በየትምህርት ቤቱ የምንበተን ስለሆንን፣ አብዛኞቻችን የምንደርስበት ትምህርት ቤትም ለድራማ ብሎ የሚመድበው ገንዘብ ስለማይኖረው፣ አሠራሩን ያጠፋነውን ጥፋት ጭምር በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ ወስነናል።

ባለታሪካችን ፊታውራሪ ገበየሁ ናቸው። በኅዳር ወር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያውን የጀመሩት፣ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የወደቁት ጀግና ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንደነገሩ አልብሶ መድረክ ላይ ማውጣት አደጋ አለው። ከመካከላችን አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ እንዲሁ የጦር አለቃ ሆኖ ተጫውቶ ነበር። ጎፈሩ ከካርቶንና ከጋዜጣ ወረቀት የተሠራ ነበርና ጀግናው ተመትቶ ሲወድቅ ጎፈሩ ተንከባሎ ተመልካቹ እግር ሥር ገባ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ሳቅ ይሰማዋል፤ «ሟቹ እኔ ነበርኩ፤ የሳቁት ግን በሞተው ሰውዬ ነው» ይላል። ሥራውን ስንጀምር በአእምሯችን የነበረው ይህ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምንሠራ ማወቅ ነበረብን። ለምድ የሚባለውን ልብስ አብዛኞቻችን የምናውቀው ተኩላው ለበሰው ከሚባለው የበግ ለምድ ብቻ ነው። ሽማግሌዎችን ስንጠይቅና የቆዩ ፎቶግራፎችን ስንመለከት ግን ለምድ ትከሻ ላይ ተደርቦ አንገት ሥር የሚያያዝ፣ ጫፉ እንደ ምላስ እየተቆራረጠ ወደ ታች የሚንጠለጠል መሆኑን ተረዳን። ከበግ፣ ከነብር ወይም ከአንበሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ለመኳንንቱ ደግሞ ከፋይ ላይ በወርቅና በብር ክር ይጠለፍ ነበር። ንጉሥ ለጀግና ከሚሸልማቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ለምድ ነው። እነዚያ ምላሶች ለእኛ የእንስሳውን እግሮችና ጭራ የሚያስታውሱ መሰሉን። ስለዚህ ስንቆርጣቸው እኩል አላደረግናቸውም፤ የኋላውን ረዘም፣ የጎኖቹን አጠር አደረግናቸው።

ጎፈር በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው አንበሳው አንገት ላይ የበቀለው ጠጉር፣ ሁለተኛው ከዚያ ጠጉር ተሠርቶ ጀግናው ራሱ ላይ የሚደፋው ነው። አንበሳ ላልገደለ የጭላዳ ጠጉርም ያገለግል ነበር። ታዲያ ይህ ሲነገር ከግሼ የመጣ ጓደኛችን ብድግ ብሎ «ምን ያደክመናል? እኛ አገር ገደሉ አፍ ላይ መንጋው ሞልቷል። አንድ ወንድ ጭላዳ ቢጎድል ማን ያውቃል?» አለ። ጥቂቶች ደገፉት። ከመሐል ሜዳ የመጣችው እህታችን ግን ተቆጣች። ጓሳን የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው እንደኖረ የሚነገር መሆኑን አስታውሳ፣ «አያቴ ቤቱ እያፈሰሰ እንኳ ቀኑ ሳይደርስ ጓሳ አያጭድም ነበር። እናንተ ለአንድ ቀን ድራማ ጭላዳ ልትገድሉ ነው?» አለች። ጭላዳ ደግሞ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ክርክሩ እራት ሰዓት አሳለፈን። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና 9 ለ4 ጭላዳው ዳነ። (የግሼው ጓደኛችን ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፤ በኋላ ግን ጎፈሩን ከሁላችንም በላይ አሳምሮ የቋጠረው እሱ ነው።)

እንግዲህ የቀረው የበግ ሱፍ ነው። በዚህ በኩል አገራችን አይታማም። የመንዝ በግ ሱፉ አጭርና ሸካራ ቢሆንም ብርድ የሚያውቅ ሱፍ ነው፤ ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ሁሉ ከእሱ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ደግሞም የኢትዮጵያ አንበሳ ጎፈሩ ጥቁር ነው፤ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የነበሩትን ያየ ያውቀዋል። ጥቁር በግ ደግሞ መንዝ ሞልቷል። ሁለት ኪሎ ጥቁርና አንድ ኪሎ ቀይ ሱፍ ከገበያ ገዛን።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመጣለን። ለለምዱ መደብ የሚሆን በርኖስ ከአንድ ጓደኛችን አባት ከሞላሌ ተዋስን። በርኖስ ከዐረብኛው ቡርኑስ የመጣ ስም ነው። በሰሜን አፍሪካ ቆብ ያለው ካባ ሲሆን የእኛው ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ ያለው ጥቁር ካባ ነው። የተዋስነው በርኖስ የጭስ ሽታና አቧራ ስለነበረው «አጥበን ብንመልስላቸው ደስ ይላቸዋል» ተባለ። ውሃ አፈላን፤ ኦሞ ጨመርን፤ ሳፋ ውስጥ ከተን ሦስት ሆነን እየተፈራረቅን በእግራችን ረገጥነው። ስናወጣው ጉድ ፈላ! የትልቅ ሰው ጉልበት ያልፍ የነበረው በርኖስ ለ10 ዓመት ልጅ የሚሆን ሆኖ፣ እንደ ቁርበት ደርቆ ወጣ። ብንጎትት፣ ብናሰጣ፣ ድንጋይ ብንጭንበት ወይ ፍንክች።

የሳይንስ መምህራችን ምክንያቱን አስረዱን። የሱፍ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ሙቀትና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይከፈታል፤ በዚያ ላይ ሲታሽ አንዱ ጠጉር ከሌላው እየተቆላለፈ ይሳባል፤ አንዴ ከተቆላለፈ አይፈታም። ጥጥ ይህ ቅርፊት ስለሌለው ነጠላችንን ብንቀቅለውም እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ ሱፍ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ እየተነከረ ብቻ ነው። ይህን ከአንድ ቀን በፊት ብናውቀው ኖሮ!

ምን ይዋጠን? ልጃቸውን ጨምረን ሦስት ሆነን በርኖሱን ጠቅልለን ሞላሌ ሄድን። ሽማግሌው ዘርግተው አዩት። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። «አባታችን፣ ይቅር ይበሉን፤ ዋጋውን አዋጥተን እንከፍላለን» አልናቸው። «ሸማኔው ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «ክሩን የፈተለችው ግን የዚህ ልጅ እናት ናት። የእሷን ክር በምን ብር ትከፍሉኛላችሁ?» ጓደኛችን እናቱ ካረፉ 6 ዓመት እንደሆናቸው እናውቅ ነበር፤ በርኖሱ የእሳቸው እጅ መሆኑን ግን እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። መሬቱን እያየን ቆምን። ሽማግሌው አጥፈው መለሱልንና «እንግዲህ ለእኔ አይሆነኝም፤ ለልጅም አላለብሰውም። ቁረጡትና የጀመራችሁትን ጨርሱበት። ቁራጯን ግን እንዳትጥሉ፤ አምጡልኝ» አሉን። ጠላ አስቀድተውልን ጠጥተን ተመለስን፤ መንገዱን ሙሉ ማንም አላወራም።

ለጎፈሩ መደብ ጆንያ አስበን ነበር። ያ የተኮማተረ በርኖስ ግን ከጆንያ እጅግ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ቢቆረጥ አይተረተርም፣ ቢወጋ አይቀደድም። አሠራሩ እንዲህ ነው። የተዋናዩን ራስ ዙሪያ ለካን፤ 57 ሴንቲሜትር ሆነ። ዙሪያው 59 የሆነ ድስት ፈልገን ደፋነው። ሁለት ሴንቲሜትር የተረፈው ሲደርቅ ስለሚሰበሰብና ውስጡ ገበር ስለሚገባበት ነው። የበርኖሱን ቁራጭ በለብታ ውሃ አርሰን ድስቱ ላይ ወጠርነውና በጓሳ ገመድ ዙሪያውን አሰርነው። በሁለተኛው ቀን ሲደርቅ የድስቱን ቅርጽ ይዞ ቆብ ሆኖ ወጣ። በግራና በቀኝ አገጭ ሥር የሚታሰር ጠፍር ሰፋንበት፤ የወረቀቱን ጎፈር ነገር አልረሳንም።

ከባዱ ጠጉሩ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ አጭር ስለሆነ እንዲሁ ቢለጠፍ እንደ በግ እንጂ እንደ አንበሳ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ሴት ሰልጣኞች ወፈር አድርገው ፈተሉት፤ ሁለት ሁለቱን ክር ገመድነው፤ አርሰን በትር ላይ ጠመጠምነውና ፀሐይ ላይ አዋልነው። ከደረቀ በኋላ ሲቆረጥና ጫፉ ሲፈታ ክሩ ሞገድ ይዞ ይቀራል፤ ልክ እንደ እውነተኛ ጠጉር። ለኋላው 25፣ ለግንባሩ 12 ሴንቲሜትር እንዲንጠለጠል፣ እጥፉን አስበን ሁለት እጥፍ ርዝመት ቆረጥን። ቆቡን በወስፌ እየበሳን፣ የክሩን እጥፋት በኪሮሽ ስበን፣ ሁለቱን ጫፍ በእጥፋቱ ውስጥ አሳልፈን አጠበቅን። በጠቅላላው ወደ 300 ቋጠሮ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከአናቱ አትጀምሩ! እኛ ከአናቱ ጀምረን ላይኛው ረድፍ እጃችን ላይ እየወደቀ ታችኛውን መቋጠር አቃተን፤ አንድ ምሽት ሙሉ የሠራነውን ፈታን። የመሐል ሜዳዋ እህታችን ናት «ቤት ስትከድኑ ከየት ትጀምራላችሁ?» ብላ ያሳፈረችን። ጓሳ ሲከደን ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ የላዩ የታቹን እየሸፈነ ነው የሚወጣው። ጎፈርም እንደዚያው ነው።

ይህ አሠራር የእኛ ፈጠራ ብቻ መስሎን ኩራት ቢጤ ሊጀምረን ነበር። የእጅ ሥራ መምህራችን ግን በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለወጣው «ስታር ዋርስ» ስለሚባለው ፊልም አጫወቱን። በፊልሙ ውስጥ ቹባካ የሚባል ሰውነቱ በሙሉ ጠጉር የሆነ ግዙፍ ፍጡር አለ፤ የተጫወተው ፒተር ሜይሁ ነው። የስቱዋርት ፍሪቦርን ባለሙያዎች ልብሱን የሠሩት በእጅ በተሠራ የሱፍ መደብ ላይ ያክ የሚባለውን የሂማላያ ከብት ጠጉርና የአንጎራ ፍየል ጠጉር እየቋጠሩ ነው። ገንዘቡ ይለያል እንጂ ወስፌውስ ያው ነው። በአንጻሩ በ1939 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ፊልም ውስጥ ፈሪውን አንበሳ የተጫወተው በርት ላር የለበሰው ከእውነተኛ የአንበሳ ቆዳ የተሠራ ነበር። ልብሱ ወደ 40 ኪሎ ይመዝን እንደነበርና በመብራቱ ሙቀት ሰውዬው በላብ ይጠመቅ እንደነበር ይነገራል። የእኛ ጎፈርና ለምድ አንድ ላይ በሚዛን 4 ኪሎ ተኩል ወጡ። በዚያ ላይ ተዋናያችን አላበውም፤ የእኛን አገር ብርድ የምታውቁት ነው።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ጥቁር ሱፍ ብርሃን ይውጣል። በመጀመሪያው ልምምድ ከአዳራሹ ጀርባ ሆነን ስናይ የፊታውራሪ ራስ ጥቁር ጉድጓድ መሰለ። ቀዩን ሱፍ ግንባሩ አካባቢ እየቀላቀልን ብንቋጥር ፊቱ ከጠጉሩ ተለየ፤ የእውነተኛ አንበሳም ጎፈር ወደ ፊቱ ሲቀርብ እየነጣ ይሄዳል። የለምዱን ጥልፍ በወርቅ ክር ፈንታ በቢጫ የሹራብ ክር ጠለፍነው፤ ፈርጡን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ቆረጥን። ጠርዙን በድንጋይ መሞረድ ግድ ነው፤ አለዚያ አንገት ይቆርጣል። ጋሻው ከሁሉ ቀላል ነው፤ አሮጌ ሰፌድ ላይ ጥቁር ጨርቅ ወጥሮ በቆርቆሮ ማስጌጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስንሠራ ያስገረመን አንድ ነገር አለ። የአገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ሰያደብር ነው። በ1910ዎቹ ለመድረክ ያበቁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ባለታሪኮቹ እንስሳት ናቸው። አውሬው ስለ ባለሥልጣን ይናገር ስለነበር ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አንበሳ ሆኖ መጫወትም ለካ እዚህ አገር ቀላል ጨዋታ አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ፊታውራሪ ሲወድቁ ማንም አልሳቀም። ጎፈሩም ከራሳቸው አልወለቀም፤ ብቻ ጠጉሩ ፊታቸው ላይ ተደፋና የተዋናያችንን የመጨረሻ ንግግር ግማሹን ዋጠው። የሞላሌው አባት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ትርዒቱ ካለቀ በኋላ ከመድረኩ ጀርባ ገብተው ጎፈሩን ጠየቁን። ገልብጠው ውስጡን አዩ፤ ገበሩን ወደ ጎን አድርገው በርኖሱን በጣታቸው ዳበሱት። ምንም ሳይሉ መልሰው አስቀመጡት። የተረፉትን ቁራጮች በፌስታል አድርገን ሰጠናቸው፤ ቆጥረው ተቀበሉን።

ልብሱ አሁን በክበባችን ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ብል እንዳይበላው የጥድ ፍቅፋቂ አድርገንበታል፤ በየወሩም ፀሐይ እናስመታዋለን። ለማስተማር ልምምድ መዋስ የሚፈልግ ሰልጣኝ በመዝገብ ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ከቆሸሸ እንደቆሸሸ ይመልስልን፤ ውሃ እንዳያስነካው።