በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ የቱ ነው?
ስለ ውስጠኛው ጆሮና ስለ ሰውነት ሚዛን አለካክ

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ በስተ ግራ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ በሁለት ነገር የታወቀ ነው። አንደኛ፥ ብልሃርዝያ የሌለበት ነው ስለሚባል ለዋና ይመረጣል። ሁለተኛ፥ ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖርበት ውሃው ቡናማ ነው፤ ራሱን ያጠለቀ ሰው የዘረጋውን የገዛ እጁን እንኳ አያይም። እነዚህ ሁለት ጠባዮች ባንድነት ሲታዩ ለፊዚዮሎጂ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ይኸውም ዐይን በማያይበት፥ እግርም መሬት በማይረግጥበት ውሃ ውስጥ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች የሚለየው በምንድን ነው? የሚል ነው።

መልሱ በውስጠኛው ጆሮ ይገኛል። በያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ቤት ማዕዘን የተጋጠሙ በመሆናቸው ራስ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር መዞሩን ያስታውቃሉ። ከነሱ አጠገብ ባሉት ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ደግሞ ደቃቃን የኖራ ድንጋይ ቅንጣቶች እንደ ሙጫ በለሰለሰ ስስ ነገር ላይ ተቀምጠዋል፤ ራስ ሲያዘነብል ቅንጣቶቹ በክብደታቸው ይንሸራተቱና የመሬት ስበት በየት በኩል እንደ ሆነ ይነግራሉ። አንጎል ግን በጆሮ ብቻ አይፈርድም። ዐይን ያየውን፥ እግርና መገጣጠሚያ የዳሰሱትንም ይሰማል። እንግዲህ ሦስት ምስክሮች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይሸፍኑለታል።

የመለኪያው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱም ጆሮዎቹ የሚዛን ክፍል የጠፋበት ሰው፥ አካሉ ሁኔታውን ከለመደው በኋላ፥ በቀን ብርሃን በደልዳላ ወለል ላይ ሲሄድ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ የሚዛን ልኬት ብልሃት ሁሉ ምስክሮቹን ተራ በተራ ከችሎት ማስወጣት ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮምበርግ በ1846 ያስታወቀው ምርመራ የመጀመሪያውን ያስወጣል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው እግሮቹን ገጥሞ ይቆማል፤ ቀጥሎም ዐይኑን ይጨፍናል። ሮምበርግ ያሰበው ግን ስለ ጆሮ ሳይሆን ስለ አከርካሪ ሰረሰር በሽታ ነበር። ጆሮው የተጎዳ ሰው እግሩ ጠንካራ ወለል እስከ ረገጠ ድረስ ዐይኑን ጨፍኖም ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ ይቆማል።

ጉዳዩን ወደ ጆሮ ካቀረቡት አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ነው። በ1882 ባሳተመው ጥናት 519 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲሽከረከሩ ያዞራቸው እንደ ሆነ መረመረ፤ 186ቱን ከቶ አላዞራቸውም። ከሐርቫርድ ተማሪዎችና መምህራን ግን ከ200ው መካከል ያላዞረው አንድ ብቻ ነበር። መስማት ከተሳናቸውም ውስጥ ውሃ ሲጠልቁ ወደ ላይ የቱ እንደ ሆነ እንደሚጠፋቸው የነገሩት ነበሩ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ በ1981 እና በ1989 ታላላቅ ወረርሽኞች ደርሰውባታል። ማጅራት ገትር ከሞት የተረፈውን ልጅ አንዳንድ ጊዜ ያደነቁረዋል፤ በዚያው ጊዜ የሚዛኑን ክፍል ሊያጠፋው ይችላል። መስማት አለመቻሉን ቤተ ሰብ ሁሉ ያውቃል፤ ሁለተኛውን ጉዳት ግን የሚጠይቅ አይገኝም።

ሌላው ምክንያት መድኃኒት ነው። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ለሳንባ ነቀርሳ በመርፌ ሲሰጥ ኖሯል፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ዳሩ ግን ስትሬፕቶማይሲንና ዘመዱ ጄንታማይሲን ከመስሚያው ይልቅ የሚዛኑን ክፍል ያጠቃሉ፤ ካናማይሲንና አሚካሲን መስሚያውን ይበልጥ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲን መድኃኒት ለተለማመደ ሳንባ ነቀርሳ ከእንግዲህ እንዳይታዘዝ የመከረው በ2018 ነው። ቀደም ሲል የተወጉት ግን ጉዳታቸውን ይዘው ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የሞቱት የጆሮ ሕዋሳት በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉምና።

በስትሬፕቶማይሲን ሚዛኑን ያጣ አንድ ሐኪም በ1952 ስሙን ሳይገልጽ ስለ ራሱ በጻፈው ዘገባ፥ አልጋው ላይ ሆኖ ለማንበብ ራሱን በሁለት የአልጋ ብረቶች መካከል ማጽናት እንደ ነበረበት ተናግሯል፤ የልቡ ትርታ እንኳ ፊደሎቹን ያዘልልበት ነበር። ምክንያቱን አንባቢው በዚህ ገጽ ሊፈትነው ይችላል። ወረቀቱን አጽንቶ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጠን አድርጎ ቢወዘውዝ ጽሑፉ ይነበባል፤ ራሱን አጽንቶ ወረቀቱን በዚያው ፍጥነት ቢወዘውዘው ግን ይደበዝዛል። በመጀመሪያው ጊዜ ጆሮ የራስን እንቅስቃሴ ለዐይን ጡንቻዎች ነግሮ ዐይን በተቃራኒው እንዲዞር ያደርጋል፤ በሁለተኛው ጊዜ የሚናገረው የለውም።

ሁለት ምስክሮችን ባንድ ጊዜ የሚያስወጣውን ቀላል ምርመራ ሹምዌይ ኩክና ሆራክ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1986 አቀረቡት። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት አጭሩ ዓይነት አራት አቋቋም አለው፤ በወለል ላይ ዐይን ተገልጦ፥ ከዚያ ተጨፍኖ፤ በወፍራም ስፖንጅ ላይ ዐይን ተገልጦ፥ ከዚያ ተጨፍኖ። እያንዳንዱ እስከ 30 ሴኮንድ በሰዓት ይለካል። ስፖንጁ ለእግር የተዛባ ወሬ ስለሚሰጥ፥ በአራተኛው አቋቋም ላይ ያለ ሰው በላንጋኖ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ሰው ብዙ አይለይም፤ የሚተማመንበት ጆሮውን ብቻ ነው። ሦስቱን አልፎ በአራተኛው ላይ የሚወድቅ ሰው ጆሮው ይጠረጠራል። የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ከኋላው መቆም አለበት።

በእኔ አስተያየት ጄንታማይሲንን የመሰለ መርፌ ለብዙ ቀን የሚወጋ ክሊኒክ ሁሉ ቁራሽ የፍራሽ ስፖንጅና ሰዓት ቢያዘጋጅ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በአራተኛው ላይ የወደቀውን ሰው፥ ዋና ቢችልም፥ በደፈረሰ ውሃ ወይም በሌሊት እንዳይጠልቅ፥ ብቻውንም እንዳይዋኝ መንገር ይገባል። ወደ ላይ የወጣ መስሎት ወደ ታች ሊቀዝፍ ይችላልና።

ነገር ግን በስፖንጅ ላይ የወደቀ ሁሉ ጆሮው ታሟል ማለት አይደለም። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ እግሩ የደነዘዘ ሰውም ዐይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ገና በወለሉ ላይ ነው። መርማሪው አስቀድሞ እግሩን መዳሰስ አለበት።

ገንዘብ ባለባቸው አገሮች ይህንኑ የሚሠራ መኪና አለ። ሰውየው ክብደቱ በየት በኩል እንዳረፈ በሚመዘግብ መድረክ ላይ ይቆማል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር መድረኩም አብሮት ያዘነብልና ቁርጭምጭሚቱ ሳይታጠፍ ይቀራል። ቁጥሩ ከስፖንጁ ይልቅ የጠራ ነው፤ አሳቡ ግን ያው ነው።

የትኛው ጆሮ እንደ ታመመ ለማወቅ ግን ከመቆም ይልቅ ዐይንን መመልከት ይሻላል። ባራኒ የተባለው የቪየና ሐኪም ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ በጆሮ ቀዳዳ ሲገባ ዐይን በተለያየ አቅጣጫ እንደሚርገበገብ መርምሮ የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱ ሲፈረድለት በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። ከ1942 ወዲህ ውሃው 30 እና 44 ዲግሪ እንዲሆን ተለምዷል። ውሃም የማያሻውን ዘዴ ሃልማጊና ከርቶይስ በ1988 ገለጹት። በሽተኛው የሐኪሙን አፍንጫ ትክ ብሎ ያያል፤ ሐኪሙም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሳያስጠነቅቅ በትንሹ ግን በፍጥነት ያዞረዋል። ጤነኛ ዐይን ከአፍንጫው አይነቀልም፤ በታመመው ጆሮ በኩል ሲዞር ግን ዐይን ከራስ ጋር አብሮ ይሄድና ዘግይቶ ዘሎ ይመለሳል። አንገቱን የታመመ ሰው ግን በዚህ መንገድ አይመረመርም።