በአብራሪዎች ክፍል ፊልም የሚታየውና የማይታየው

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኮላ ድባ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣና በኩል ወደ አዘዞ የሚወርደውን አይሮፕላን ለማየት ይችላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በልጅነታችን ድምፁን በሰማን ቍጥር ከቤት ሮጠን እንወጣ ነበር። ካደግን ወዲህ ግን ልማዳችን ተለውጧል። በአንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ጓዳ ተቀምጠን፣ ከአብራሪዎች ወንበር በስተኋላ የተተከለ ካሜራ ያነሣውን ፊልም በኮምፒዩተር እንመለከታለን፤ መብራት ካልጠፋም ያየነውን ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም እንሞክራለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ፊልሞቹ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አጎቴ ባለፈው ክረምት የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ለጥቂት ጊዜ ከኋላችን ቆሞ ካየ በኋላ፣ «አንተ፣ አሁን እውነተኛውን ቢሰጡህ ትነዳዋለህ?» አለኝ። «አልነዳውም» ብዬ መለስሁ። «ታዲያ ይኼን ሁሉ ሰዓት ምን ስትማርበት ነው?» አለኝ። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን መፈለግ የጀመርሁት ፊልሞቹ በእርግጥ የሚያስተምሩትን በመለየት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዐይኑ ከመስኮቱ አይላቀቅም፤ ደመናውን፣ ተራራውን፣ የመንደርደሪያውን መብራት ያደንቃል። ጥቂት ወራት የለመደ ግን መስኮቱን ይተውና የአብራሪዎቹን እጅ መከተል ይጀምራል። ያን ጊዜ፣ ማብረር ማለት አብዛኛውን ጊዜ እየተናገሩ መሥራት መሆኑ ይገባዋል። ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ አይሮፕላኑን ይመራል፤ ሁለተኛው መለኪያዎቹን ይጠብቃል፣ ለሬዲዮ ጥሪ መልስ ይሰጣል፣ ቼክሊስት የተባለውን የማረጋገጫ ዝርዝር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። አንዱ ሲጠይቅ ባልንጀራው መሣሪያውን አይቶ ወይም ነክቶ ይመልሳል። አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ለለመደ ጆሮ ሥርዓቱ እንግዳ አይደለም። እኔ በተማርሁበት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራችን በየሳምንቱ የቃል ጽሕፈት ያጽፉን ስለ ነበር፣ ያ ልማድ ሳይታሰብ የሬዲዮውን ንግግር እየሰማሁ ለመጻፍ ጠቀመኝ።

ከሁሉ ይልቅ የመነሻው ጊዜ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቦይንግ 737 በመንደርደሪያው ላይ ፍጥነት ሲጨምር፣ የሚጠብቀው አብራሪ በመጀመሪያ «ሰማንያ ኖት» ብሎ ይጠራል፤ በግራና በቀኝ ያሉት የፍጥነት መለኪያዎች አንድ ዓይነት ማሳየታቸው የሚረጋገጠው በዚህ ጥሪ ነው። ቀጥሎ «ቪ ዋን» የሚለው ጥሪ ይመጣል። ከዚህ ፍጥነት በፊት ከባድ ጕድለት ቢገኝ ማቆም ይቻላል፤ ከዚህ በኋላ ግን የቀረው መንገድ ለማቆም ስለማያስተማምን አንድ ሞተር እንኳ ቢጠፋ መነሣት ግድ ነው። በዚያች ቅጽበት ዋናው አብራሪ እጁን ከሞተር ኃይል መስጫው ላይ ያነሣል። የማቆም ሐሳብ ከዚያ ወዲያ እንዳይፈትነው እጁን ራሱን ያርቀዋል ማለት ነው። ይህን የእጅ መነሣት ለማስተዋል ብዙ ፊልም ማየት አስፈልጎኛል፤ ካስተዋልሁት ወዲህ ግን ከሌላው ሁሉ ይልቅ እርሱን እጠብቃለሁ።

ፊልም ያስተማረን ነገር አንዳንድ ጊዜም አሳስቶናል። አብዛኞቹ ፊልሞች የተነሡት ለባሕር ወለል በቀረቡ የአውሮፓ ጣቢያዎች ነው። የአምስተርዳም ጣቢያ እንዲያውም ከባሕር ወለል በታች ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ መሬት ሲነካ የከፍታ መለኪያው ከዜሮ ዝቅ ይላል። በአዘዞ ግን መሬት ሲነካ መለኪያው ወደ 6,500 ጫማ ገደማ፣ በቦሌ ደግሞ ከ7,600 ጫማ በላይ ያሳያል። የደጋው አየር ስስ ነው። ስለዚህ በአዘዞ የፍጥነት መለኪያው 130 ኖት ሲል አይሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄደው ከ140 ኖት በልጦ ነው፤ ለማቆምም የዚያኑ ያህል ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። እኛ የአውሮፓውን ልክ ይዘን በሲሙሌተራችን አዘዞ ስናርፍ፣ ደጋግመን ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፈን እርሻ ውስጥ እንገባ ነበር። ምክንያቱን ያገኘነው ከፊልም ሳይሆን ከፊዚክስ መጽሐፍ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳሁት ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ «ጥሩ ነው። እርሻም እኮ ቆሞ የሚያይ ልጅ በሬ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ትልሙ ወዴት እንደሚዞር ያውቃል። ከሥር ድንጋይ መኖሩን የሚነግርህ ግን እርፉን የያዘው እጅህ ነው» አለኝ። የጐደለኝን ነገር ያገኘሁት በዚህ ንግግር ነው። ፊልም ክብደት አያሳይም። በኮምፒዩተራችንም አንዲት ቍልፍ በጣት ስትነካ፣ በእውነተኛው አይሮፕላን ክንድ የሚያደክመው ሥራ ያለ ድካም ይፈጸማል።

ይህ ጕድለት የእኛ የድሆቹ ተመልካቾች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልደፈርሁ ነበር። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር በሚያወጡት የማሠልጠኛ ሲሙሌተሮችም ደርሷል።

በቦይንግ 737 ውስጥ በሁለቱ አብራሪዎች ጉልበት መካከል፣ ከሞተር ኃይል መስጫው ግራና ቀኝ፣ ነጭ ምልክት የተቀባባቸው ሁለት ጥቁር ጎማዎች አሉ። በጭራው ላይ ያለውን አግድም ክንፍ ያዘነብላሉ፤ በዚህም አፍንጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይመራል። በተለመደው ጊዜ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተንኳኩ በራሳቸው ይሽከረከራሉ፤ የፊልም ተመልካች ሁሉ ድምፃቸውን ያውቀዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ከጎማው ውስጥ እጀታ ተዘርግቶ በክንድ ኃይል ይዞራሉ። ይህን በተራ የበረራ ፊልም ማየት ያዳግታል፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ እምብዛም ነውና።

ቦይንግ 737 ማክስ በተባለው አዲስ ዓይነት ላይ፣ ፋብሪካው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ጨመረ። ሥርዓቱ ከአንድ የአየር ማዕዘን መለኪያ ብቻ ወሬ ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር፤ ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያም አልተገለጸም ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አይሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎች የተላለፈው ማሳሰቢያ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የኤሌክትሪኩን ማቋረጫ እንዲዘጉና ጎማውን በእጅ እንዲያዞሩ የሚል ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው የግራው ማዕዘን መለኪያ የተሳሳተ ወሬ ይሰጥ ጀመር፤ ኤምካስም አፍንጫውን ገፋ። በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያ የምርመራ መግለጫ እንደሚያስረዳው፣ ረዳት አብራሪው ማቋረጫውን ለመዝጋት ሐሳብ አቀረበ፤ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውም ተስማሙ። ቀጥሎ ረዳቱ ጎማውን በእጅ ሞከረውና እንዳልሠራለት ተናገረ። የሞተሮቹ ኃይል እንደ መነሻው ስለ ነበር ፍጥነቱ ከተፈቀደው ልክ አልፎ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ፍጥነት አየሩ ጭራውን ይጫነዋል፣ ጎማውም ይከብዳል። አይሮፕላኑ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ።

በዚያው ሰሞን የአብራሪ ክፍል ፊልም የሚሠራ አንድ የስዊድን አብራሪ፣ በቀድሞው 737 የማሠልጠኛ ሲሙሌተር ውስጥ ይህንኑ ሁኔታ ከባልደረባው ጋር ፈትኖ አሳየ። ጎማው አልዞር ሲል የሰውየው ክንድ ሲገተር ይታያል። ፊልም ክብደት አያሳይም ብያለሁ፤ በሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ግን በጥቂቱ ያሳያል። የሚያስገርመው በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተሰማው ነው፤ የማክስ ሲሙሌተሮች ፕሮግራም የዚህን ጎማ ክብደት በሚገባ እንደማያስመስል ፋብሪካው አምኖ፣ ማረሙን ገለጸ። ማለትም፣ አንድ አብራሪ የማክስን ሲሙሌተር ቢያገኝ እንኳ እጁ እውነቱን አይማርም ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ፋብሪካው አብራሪዎች ወደ ማክስ ከመመለሳቸው በፊት በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ሐሳብ አቀረበ፤ ኤምካስም ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ታረመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

እኛም በዚህ ክረምት ከብስክሌት ጠጋኝ አሮጌ ጎማ ገዝተን ከወንበሩ ጎን አቆምነው፤ እጀታ ቀጠልንበት፣ ፍሬንም አሰርንበት። ፍሬኑን ከፕሮግራሙ ጋር ማገናኘት ስላልቻልን፣ አንደኛው ጓደኛችን በስክሪኑ ላይ ፍጥነቱን እያየ በእጁ ያጠብቀዋል። ትክክለኛ ልክ ነው አልልም። አጎቴ መጥቶ ሞከረው፤ ፍጥነቱ 300 ኖት ሲያልፍ ጎማው ቆመበት፣ በሁለት እጁ ገፍቶም ጥቂት ብቻ አንቀሳቀሰው። «ይኼንንስ በፊልሙ አላየሁትም» አለ።